ስልክ ብቻ ይዞ የመመረቂያ ጥናት መሥራት

በአገራችን ካምፓሶች ብዙ ተማሪ የራሱ ላፕቶፕ የለውም። የኮምፒውተር ላቡ ወረፋ ረጅም ነው፣ ማታ ይዘጋል፣ መብራትም ይጠፋል። እጅ ላይ ያለው ስልክ ግን ጽሑፍ ለመፈለግ፣ ለማንበብ፣ መረጃ ለመሰብሰብና ረቂቅ ለመጻፍ ይበቃል። ኮምፒውተር የግድ የሚሆነው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ የስታቲስቲክስ ትንተናና የመጨረሻው የገጽ አቀማመጥ። የቀረውን በስልክ ለመጨረስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ኔትወርክ እንደሌለ ቆጥራችሁ ተዘጋጁ። ለአጭር ጊዜ ተገናኝታችሁ የሚያስፈልጋችሁን አውርዱ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያለ ኢንተርኔት ሥሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስልኩን ማሰናዳት

መጀመሪያ ዳታ የሚፈስባቸውን ቀዳዳዎች ድፈኑ። ትልቁ ቀዳዳ ቴሌግራም ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ክፈቱና በሞባይል ዳታ ፎቶ፣ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። አንድ የጆርናል ጽሑፍ በፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሜጋባይት ነው፤ የክፍሉ ግሩፕ ላይ የተለቀቀ አንድ ቪዲዮ ግን የአሥር ጽሑፍ ዳታ ይበላል። ፕሌይ ስቶር አፕ የሚያድሰው፣ ጉግል ፎቶስም ምስል የሚጭነው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉ።

ብሮውዘር ላይ ደግሞ የአንድሮይዱ ፋየርፎክስ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን የማስታወቂያ ማገጃ ይቀበላል፤ ማስታወቂያ የበዛባቸው ገጾች በጣም ይቀልላሉ። ኦፔራ ሚኒ ገጹን በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ስለሚልክ ዳታ ይቆጥባል፣ የይለፍ ቃል በሚጠይቁ የጆርናል ድረ ገጾች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሰናከላል። ሁለቱንም ጭናችሁ እንደ ሥራው ቀያይሩ።

ጥቅል ስትገዙ በ*999# ሜኑ ውስጥ የሌሊት ጥቅል ካለ ዋጋውንና ሰዓቱን አይታችሁ ትልልቁን ፋይል ለዚያ ሰዓት አቆዩት። ቀን ላይ ሊንኩን ብቻ ሰብስቡ፤ ማታ አንድ በአንድ አውርዱ። የካምፓስ ዋይፋይም ቢሆን ማለዳ ተማሪው ሳይነሳ በፊት ይሻላል፤ ማታ ዶርም ሁሉ ሲገናኝ ይንቀራፈፋል።

ከዚያ ፎልደር ክፈቱ። ስልክ የሚያወርደውን ሁሉ «ዳውንሎድ» ውስጥ ያከማቻል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያ የምታገኙት ስሙ «ዶኩመንት» ወይም የቁጥር መዓት ብቻ የሆነ ፋይል ነው። አንዱን ከአንዱ ለመለየት ሠላሳውንም መክፈት ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ ፋይሉ እንደ ወረደ ወዲያው ስሙን ቀይሩ፦ መጀመሪያ የታተመበት ዓመት፣ ቀጥሎ የጸሐፊው ስም፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ስለ ይዘቱ። ዓመቱ ከፊት ሲሆን ፋይሎቹ በራሳቸው በዘመን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ የቀደሙ ጥናቶችን ዳሰሳ ስትጽፉ ይህ ብቻውን ትልቅ እገዛ ነው።

ፍለጋው

በምሳሌ እንሂድ። ርዕሳችሁ «በባሕር ዳር ከተማ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት የእናት ጡት ወተት ብቻ የማግኘት ሁኔታ» ነው እንበል። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ ርዕሱን እንዳለ ተርጉሞ መለጠፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውጤቱን ይበትነዋል። ዋናውን ሐረግ፣ «ኤክስክሉሲቭ ብረስትፊዲንግ» የሚለውን፣ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ክተቱት፤ ከውጭ ኢትዮጵያን ጨምሩ። ትእምርተ ጥቅሱ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ያሉበትን ጽሑፍ ብቻ እንዲያመጣ ያስገድደዋል። ቀጥሎ ዓመቱን ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ አድርጉ።

ጥሩ ጽሑፍ ስታገኙ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ሊንኮች ተጠቀሙባቸው። «ሳይትድ ባይ» የሚለው ያን ጽሑፍ በኋላ የጠቀሱትን ያሳያል፤ ከአንድ የቆየ ጥናት ተነሥታችሁ እስከ ቅርቡ ድረስ በዚህ መንገድ መምጣት ትችላላችሁ። «ኦል ቨርዥንስ» የሚለው ደግሞ ያው ጽሑፍ ሌላ ቦታ በነፃ የተቀመጠ ቅጂ እንዳለው ይነግራችኋል። አሳታሚው ገጽ ላይ 30 እና 40 ዶላር የሚጠየቅበት ጽሑፍ ጸሐፊው በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ቋት ውስጥ በነፃ ተቀምጦ መገኘቱ የተለመደ ነው። ብዙ ተማሪ ይህችን ሊንክ ሳይነካ «አይከፈትም» ብሎ ያልፋል።

የቦታ ስም አጻጻፍ ብዙ ጥናት ያስመልጣል። ባሕር ዳር በእንግሊዝኛ አንድ ቃልም ሁለት ቃልም ሆኖ ይጻፋል። የጎንደር የመጨረሻ አናባቢ ሁለት ዓይነት ነው። ሐዋሳ በቆዩት ጽሑፎች የመጀመሪያ ፊደሉን ጥሎ «አዋሳ» ነው፣ አዳማም ናዝሬት ነው። ለእያንዳንዱ አጻጻፍ ለየብቻ ፈልጉ።

በአማርኛ ስትፈልጉ ችግሩ ይበረታል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለማሽኑ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ዓመት» ብሎ የጻፈውን ሰው ጽሑፍ «አመት» ብላችሁ ስትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። ሌላም አለ፤ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተተየቡ ጽሑፎች ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም ውስጣቸው ዩኒኮድ አይደለም። ከፒዲኤፉ ቀድታችሁ ስትለጥፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይወጣል፣ የፍለጋ ሞተርም ይዘታቸውን አያነብም። እንዲህ ያሉትን በይዘት አትፈልጓቸው፤ በጸሐፊውና በእንግሊዝኛ ርዕሳቸው ሞክሩ።

የአገር ውስጥ ሥራ የት ይገኛል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ቋት ብዙ የማስተርስና የዶክትሬት ሥራዎችን በነፃ ያወርዳል። ናድሬ የሚባለው አገር አቀፍ የአካዳሚክ ዲጂታል ቋትም የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችን ሥራ ያሰባስባል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የኢትዮጵያን ጆርናሎችም ይዟል። የጤና ተማሪ ፐብሜድ ሴንትራልን ሳያይ ፍለጋ ጨረስኩ አይበል፤ እዚያ ያለው ሁሉ በነፃ ሙሉውን የሚነበብ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ከማውረዳችሁ በፊት ግን የፋይሉን መጠን እዩ፤ ከወረቀት ስካን የተደረገ ከሆነ ከ20 ሜጋባይት ሊበልጥ ይችላል። አጭር ማጠቃለያውን (አብስትራክቱን) ገጹ ላይ አንብቡና የሚጠቅም ከሆነ ለሌሊት አቆዩት።

ገንዘብ የሚጠይቀው ጽሑፍ

ተማሪዎች ሳያውቁት የሚያልፋቸው ትልቅ በር ሪሰርች ፎር ላይፍ ነው፤ ክፍያ የሚጠይቁ ጆርናሎችን ለተቋማት የሚከፍት አገልግሎት ሲሆን አምስት ክፍሎች አሉት። ሂናሪ ለጤና ከ2002 ጀምሮ፣ አጎራ ለግብርና ከ2003፣ ኦኤር ለአካባቢ ከ2006፣ አርዲ ለቴክኖሎጂ ከ2009፣ ጎአሊ ለሕግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ፤ አምስቱም በአንድ መግቢያ ይከፈታሉ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋሙ ነው እንጂ ለግለሰብ አይደለም፤ ላይብረሪ ሄዳችሁ የዲጂታል ክፍሉን ባለሙያ ጠይቁ። የይለፍ ቃሉን ግሩፕ ላይ አትለጥፉት፤ ከተቋሙ ውጭ ሲሠራጭ ሊዘጋና ሁሉንም ተማሪ ሊያስቀር ይችላል።

ስልክ ላይ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፦ ሪሰርች ፎር ላይፍ ውስጥ ገብተው፣ ከዚያ በሌላ ታብ ጉግል ላይ ያገኙትን የአሳታሚ ገጽ ይከፍታሉ። አሳታሚውም ክፈሉ ይላል። ፈቃዱ የሚሠራው በመግቢያው ውስጥ አልፋችሁ ወደ ጆርናሉ ስትሄዱ ብቻ ነው። የጆርናሉን ስም እዚያው ፈልጉ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ንኩት፣ ከዚያ ወደ ጽሑፉ ሂዱ። በየመሃሉ ስልኩ ብሮውዘሩን ከዘጋው እንደገና መግባት ነው።

ይህም ካልሆነ ለጸሐፊው ጻፉለት። የኢሜይል አድራሻው አብስትራክቱ ገጽ ላይ አለ። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የየትኛው ዩኒቨርሲቲና ዲፓርትመንት ተማሪ እንደሆናችሁ፣ የምትፈልጉት ጽሑፍ ሙሉ ርዕስ። ተመራማሪ ሥራው ሲነበብለት ይወዳል።

ቻትቦት ጠይቆ ዋቢ መሰብሰብ ግን አደገኛ ነው። ያልተጻፈ ጽሑፍ ከእውነተኛ ጆርናል ስም ጋር አዋሕዶ ይሰጣል፤ ሲያዩት ፍጹም እውነት ይመስላል። የተሰጣችሁን እያንዳንዱን ርዕስ ስኮላር ላይ በትእምርተ ጥቅስ ፈልጉት፣ የጽሑፉ መለያ የሆነውን፣ በ10 የሚጀምረውን የዲኦአይ ቁጥሩንም ከፍታችሁ እዩት። ወይ ካልተከፈተ ወይ ሌላ ጽሑፍ ካመጣ ዋቢው የለም ማለት ነው። ፈታኝ ይህን ለማጣራት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ማንበብና ማስታወሻ መያዝ

ሁለት ዓምድ ያለው ፒዲኤፍ በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ዓይን ይፈጃል። ስልኩን አግድም አዙሩና አንዱ ዓምድ ስክሪኑን እስኪሞላ አስፉት። የአዶቢ አክሮባት «ሊኩዊድ ሞድ» ጽሑፉን ለስልክ እንዲመች አድርጎ ይዘረጋዋል፤ ግን ፋይሉን ወደ ሰርቨር ልኮ ስለሆነ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ሰንጠረዥንም አንዳንዴ ያዛባል። ቁጥር የምትወስዱ ከሆነ ሁልጊዜ ዋናውን ገጽ ተመልከቱ።

የምታነቡት ቅደም ተከተልም አለ፦ አብስትራክት፣ ከዚያ ዘዴው፣ ከዚያ ሰንጠረዦቹ። ጽሑፉ የማይጠቅም መሆኑን ዘዴው ላይ ታውቁታላችሁ፤ መግቢያውን ሙሉ አንብባችሁ ከመድከም ይሻላል። ማስታወሻችሁን በአንድ ሠንጠረዥ ያዙ። ጉግል ሺትስ ላይ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ረድፍ ክፈቱ፤ ዓምዶቹ ጸሐፊ፣ ዓመት፣ ቦታ፣ የናሙና መጠን፣ ዘዴ፣ ዋና ውጤትና ገጽ ይሁኑ። «አቬይለብል ኦፍላይን» የሚለውን አብሩት። የገጽ ቁጥሩን ያልመዘገበ ሰው ዋቢ ሲጽፍ ሁሉንም እንደገና ያገላብጣል።

ላይብረሪ ውስጥ ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ ከሆነ ፈቃድ ጠይቃችሁ የምትፈልጉትን ገጾች ስካን አድርጉ። የጉግል ድራይቭ አፕ ራሱ ስካነር አለው። መጀመሪያ የርዕሱን ገጽና ከጀርባው የኅትመት ዓመት ያለበትን ገጽ አንሱ፤ ይህን የዘለለ ሰው የማን መጽሐፍ እንደሆነ የማያውቀው 15 ገጽ ይዞ ይቀራል። ፍላሽ አታብሩ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

ስሞችና ዓመታት

ዋቢ ለመያዝ ዞቴሮ የሚባለው አፕ ጥሩ ነው፤ በአንድሮይድም በአይፎንም አለ፣ በነፃ 300 ሜጋባይት ይሰጣል። ዲኦአይውን ስትሰጡት ዝርዝሩን ራሱ ይሞላል። ሜንደሌይ የስልክ አፑን በ2021 እ.ኤ.አ. ስላቆመ እሱን ፈልጋችሁ አትድከሙ።

ዞቴሮም ሆነ ስኮላር ግን የኢትዮጵያን ስም አያውቁትም። ባሕሩ ዘውዴን ብንወስድ፣ ማሽኑ «ዘውዴ» የቤተሰብ ስም ነው ብሎ «ዘውዴ፣ ባ.» ያደርገዋል። የአባት ስም ግን የቤተሰብ ስም አይደለም፤ በኢትዮጵያ ጥናት የቆየው ልማድ ስሙን እንዳለ፣ ከራስ ስም ጀምሮ መጻፍ ነው። ዲፓርትመንታችሁ የሚከተለውን ደንብ ጠይቁ፤ ስሙ እንዳለ ይጻፍ ከተባለ በዞቴሮ የጸሐፊውን ስም በሁለት ሳጥን ሳይሆን በአንድ ሳጥን አስገቡት። አንዱን ጸሐፊ አንድ ቦታ በራሱ፣ ሌላ ቦታ በአባቱ ስም መጥቀስ ሁለት ሰው ያስመስለዋል።

ዓመትም እንዲሁ። በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ላይ 2009 ተብሎ ቢጻፍ በፈረንጆቹ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 2016 ነው፣ ከዚያ በኋላ 2017። የመንግሥት ሪፖርት ሲሆን ደግሞ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አትርሱ፤ የ2015 በጀት ዓመት ማለት ከጁላይ 8፣ 2022 እስከ ጁላይ 7፣ 2023 ነው። የሰንጠረዡን ቁጥር «የ2015» ብሎ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያሻገረ ተማሪ ጥናቱን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው ማለት ነው።

መጠይቁን በስልክ መሙላት

ለመስክ መረጃ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመጠይቅ መሥሪያ በነፃ ይገኛል፤ ኮቦ ኮሌክት የሚባለው አፑ አንድሮይድ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አይፎን የያዘ ሰው በብሮውዘር ቅጽ ነው የሚሞላው። ወረቀት ከማባዛትና በኋላ ወደ ኮምፒውተር ከመገልበጥ ያድናል። በግልበጣ ወቅት የሚገባው ስህተትም አብሮ ይቀራል።

ከዚያ በፊት የናሙናውን መጠን በስልኩ ካልኩሌተር አውጡ። የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስድስት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት 58 በመቶው የእናት ጡት ወተት ብቻ እንደሚያገኙ ያሳያል። ስለዚህ 1.96 (የ95 በመቶ መተማመኛ ቁጥር) በ1.96፣ በ0.58፣ በ0.42 ይባዛና ለ0.0025 (የስህተት ገደቡ 0.05 በራሱ ተባዝቶ) ይካፈላል፤ 374.3 ይመጣል፣ ወደ ላይ 375 ይሆናል። ለማይመልሱት 10 በመቶ ሲጨመር 413። በየመመረቂያው ጽሑፍ 422 ወይም 423 የሚል ቁጥር የሚመላለሰው ሁሉም 50 በመቶን ወስዶ ስለሚያሰላ ነው። የቀደመ ጥናት እያለ ይህን ማድረግ አማካሪያችሁ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ነገር ነው።

ኮቦ ላይ መለያ ስትከፍቱ የትኛውን ሰርቨር እንደመረጣችሁ ጻፉ፤ ዓለም አቀፉና የአውሮፓው የተለያዩ ናቸው፣ በአንዱ የተከፈተ መለያ በሌላው አይገባም። ቅጹን መሥራት በስልክ ብሮውዘር ይቻላል፣ ግን ያሰለቻል፤ ላብ ውስጥ ሁለት ሰዓት ካገኛችሁ ለዚህ አውሉት። ጥያቄውና ምርጫዎቹ በአማርኛ ይነበቡ፤ የመረጃው የውስጥ ስም ግን አጭር፣ በላቲን ፊደልና ያለ ክፍተት ይሁን። የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ስትከፍቱት ጥቅሙ ይገባችኋል።

ለእያንዳንዱ ቁጥር ገደብ አስቀምጡ። የእናት ዕድሜ ከ15 በታች ወይም ከ49 በላይ ከሆነ አፑ እንዲያስቆም አድርጉ፤ 25 ለማለት 52 የነካ ጣት እዚያው ይታረማል። «አላውቅም» የሚል ምርጫ ከሌለ መላሽ ዜሮ ይባልላታል፣ ዜሮ ደግሞ መልስ ነው፤ አማካዩን ያበላሻል።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። እናት «የካቲት 12 ቀን 2016 ተወለደ» ትላለች፤ መረጃ ሰብሳቢው በጭንቅላቱ ወደ ፈረንጅ ሲቀይር ይሳሳታል። ትክክለኛው ፌብሩዋሪ 20፣ 2024 ነው። ስድስት ወር የሞላውን ካልሞላው በሚለይ ጥናት ላይ የጥቂት ቀን ስህተት ሕፃኑን ከናሙናው ያስወጣል ወይም ያስገባል። ኮቦ ኮሌክት ለዚህ መፍትሔ አለው፦ የቀን ጥያቄው ሴቲንግ ውስጥ «አፒራንስ» በሚለው ቦታ «ኢትዮጵያን» (ethiopian) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደሎች ጻፉ። አፑ በእኛ ወራት ይጠይቃል፣ ሲያስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ያስቀምጣል። በብሮውዘር ቅጽ ላይ ግን አትተማመኑበት። ሰዓት ከጠየቃችሁም «በእኛ ሰዓት» ብላችሁ ጥያቄው ውስጥ ጻፉና በኋላ አስተካክሉ፤ ስልኩ 8 ሲል መላሿ ሁለት ሰዓት ናት።

ቅጹ ሲያልቅ «ዲፕሎይ» የሚለውን ካልነካችሁ አፑ ላይ አይታይም። ካሻሻላችሁትም ድጋሚ ዲፕሎይ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ ስልክ አዲሱን አውርዱ፤ ያለበለዚያ ግማሹ ሰብሳቢ በአሮጌው ቅጽ ይቀጥላል። ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ዋይፋይ አጥፍታችሁ አምስት የሙከራ መጠይቅ ሙሉ። ዳታውን ስትከፍቱ መልሶ መላኩን አረጋግጡ።

ከመስክ ሲመለሱ የሚፈጠሩት ኪሳራዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው መጠይቁ ረቂቅ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ «ፋይናላይዝ» ያልተደረገ አይላክም፣ ሰብሳቢው የላከ ይመስለዋል። ማታ ማታ የተሞላውንና ሰርቨሩ ላይ የደረሰውን ቁጥር አመሳክሩ። ሁለተኛው ይከፋል፦ ስልኩ ሞልቶ ቦታ ለማስለቀቅ አፑን ማጥፋት ወይም ዳታውን ማጽዳት። ያልተላከው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ መመለሻም የለውም።

የቦታ ነጥብ ለመውሰድ ጂፒኤሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሰማይ ግን ይፈልጋል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ስትሞክሩ የስህተቱ ርቀት 50 ሜትርም 100 ሜትርም ይላል። ደጅ ወጥታችሁ ቁጥሩ ወደ 5 ሜትር እስኪወርድ ጠብቁ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ነጥብ ከሌሎቹ ይዘገያል፤ ስልኩ ሳተላይቶቹን ገና እየፈለገ ስለሆነ ነው።

ባትሪው ያልቃል። 10,000 ሚሊአምፒር የተጻፈበት ፓወር ባንክ በኃይል ብክነቱ ምክንያት ለስልኩ የሚሰጠው 6,000 አካባቢ ነው፤ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ሁለት ሰብሳቢ በአንድ ፓወር ባንክ አትላኩ።

ቃለ መጠይቅ መቅዳት

ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። በመሃል ስልክ ሲጠራ ብዙ ስልኮች ቀረጻውን ያቆማሉ፤ መላሹ ይናገራል፣ እናንተ የተቀዳ ይመስላችኋል። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ ያልተጨመቀውን የዌቭ ፋይል ከመረጣችሁ ግን በሞኖ እንኳ 300 ሜጋባይት ያልፋል። ለንግግር የመጀመሪያው ይበቃል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ የጣት ማንኳኳትና የሲኒ ድምፅ ይቀንሳል። ቡና ሲወቀጥ ግን ማቆም ነው፤ የሙቀጫን ያህል ቃል የሚያስቀር ድምፅ የለም።

አንድ ሰዓት ቀረጻ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ዕቅድ ስታወጡ አስቡት። የጉግል ኪቦርድ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል፤ ቀረጻውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ ራሳችሁ ጥርት አድርጋችሁ ብትደግሙት የትየባውን ጊዜ ያሳጥራል። ስምና የአካባቢ ቃል ላይ ስለሚስት በኋላ ማረም አይቀርም።

ፈቃድ ሳይጠይቁ መቅዳት አይገባም፤ መላሹ ሲስማማ «እስማማለሁ» ያለበት ድምፅ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ይግባ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፋይሉ ስም የመላሹ ስም አይሁን፤ ቁጥር ስጡት፣ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘውን ዝርዝር ለብቻው በወረቀት አስቀምጡ። ቀረጻን በክፍሉ ግሩፕ መላክ፣ ለአንድ ጓደኛ ለማሰማት ቢሆንም፣ እምነት የሰጣችሁን ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ስልኩ ቢጠፋስ

ታክሲ ውስጥ ከኪስ የወጣ ስልክ የአራት ወር ሥራ ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ነገር በሦስት ቦታ ይኑር፦ ስልኩ ላይ፣ ጉግል ድራይቭ ላይ፣ በኦቲጂ ገመድ ስልኩ ላይ በምትሰኩት ፍላሽ ላይ። ድራይቩ በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ግን ከጂሜይልና ከፎቶዎቹ ጋር ነው የሚካፈለው። ለረቂቁና ለጽሑፎቹ ብቻ ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅ» እስከ 2 ጊጋባይት ያለ አንድ ፋይል ይቀበላል። ፍላሹን ግቢ በር ላይ ካሉ ኮምፒውተሮች ላይ አትሰኩ፤ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ረቂቁና ኅትመቱ

በጉግል ዶክስ ስትጽፉ ርዕሶቹን ፊደል በማወፈር ብቻ አትለዩአቸው፤ «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» የሚለውን ስታይል ስጧቸው። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማውጫው በአንድ ንክኪ ይወጣል፤ በማወፈር የተጻፈ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ገጽ በእጅ መቆጠሩ ነው። መረጃውን ከኮቦ ስታወርዱ ለኤስፒኤስኤስ በኤክሴል ፋይል አውርዱ፤ ሲኤስቪ ፋይልን ኤክሴል ዝም ብሎ ሲከፍተው አማርኛው ወደ እንግዳ ምልክት ይቀየራል። ክፍት መልሶችን ከመቁጠራችሁ በፊት «ሐኪም» እና «ሀኪም» የተባሉትን አንድ አድርጉ፣ ማሽኑ ሁለት መልስ አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው።

ለኅትመት ኮፒ ቤት ስትሄዱ የዎርድ ፋይሉን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ የተጠቀማችሁበት ፊደል ከሌለ ገጾቹ ይገፋሉ፣ ማውጫው ላይ ያለው ቁጥርም ከገጹ ጋር አይገጥምም። ላብ ውስጥ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፣ ስልካችሁ ላይም ከፍታችሁ የመጨረሻዎቹን ገጾች እዩ። የአማርኛው መጠይቅ ያለበት አባሪ ላይ በፊደል ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘን ከታየ ዋናውን ፋይል ኒያላ ወይም ሌላ የዩኒኮድ ፊደል ሰጥታችሁ እንደገና ቀይሩት። ከዚያ አንድ ቅጂ ብቻ አሳትሙ፤ አባሪው እስከ መጨረሻው ገጽ በትክክል መውጣቱን እዚያው ቆማችሁ አገላብጣችሁ ካያችሁ በኋላ የቀሩትን አሳትሙ።